ኮፈን ሦስቴ የሚመቱት ጋሽ ቃልቤሳ

እንደምን ዋላችሁ። ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ሃዊ እባላለሁ፤ የአሥራ አራት ቁጥር የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። በጋሽ ቃልቤሳ የጡረታ ሽኝት ላይ ንግግር አድርጊ ስባል ምን ያህል ልናገር ብዬ ጠየቅሁ፤ አጭር ይሁን አሉኝ። የጋሽ ቃልቤሳን ሃያ ሁለት ዓመት ባጭሩ የሚናገር ሰው ካለ ማይኩን አሁኑኑ እሰጠዋለሁ። የለም? እንግዲያው ምግቡ ይቀዝቅዝ።

ጋሽ ቃልቤሳ እዚህ ግቢ የገቡበትን ቀን እኔ አላየሁም። በር ላይ የነበሩት አባባ ጂራታ ግን ዛሬም ሲያወሩት በሳቅ እንባቸው ይፈሳል። ሰውዬው የመሣሪያ ቦርሳ አንጠልጥለው መጡና "ለኤሌክትሪክ ሥራ ነው" አሉ። አባባ ጂራታ ቆጣሪ አንባቢ መሰሏቸው። ወስደው ቆጣሪው ፊት አቆሟቸው። ሌላ ሰው ቢሆን "ኧረ እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ ተቀጥሬ ነው የመጣሁት" ይል ነበር። ጋሽ ቃልቤሳ ግን የታዘዙትን እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ቦርሳቸውን አስቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቁጥሩን በጥንቃቄ ወረቀት ላይ ገለበጡ። ሥራ አይናቅም ብለው ሳጥኑን ከፈት ሲያደርጉት ደግሞ አንዲት አይጥ ከነስድስት ልጆቿ ተኝታለች። እሷም አየቻቸው፣ እሳቸውም አዩዋት። አባባ ጂራታ እንደሚሉት ቀድሞ ዓይኑን የሰበረ የለም። ከዚያ ጋሽ ቃልቤሳ ሳጥኑን ቀስ ብለው ዘጉና፣ "ሥራዬ ከማን ጋር እንደሆነ ገብቶኛል" አሉ።

ለእንግዶች ላስረዳ። እኛ እህል ነው የምናመላልሰው። መኪኖቻችን የሚያድሩት ከስንዴው መጋዘን ጎን ነው። የአቃቂ አይጥ ደግሞ ስንዴውን በልታ ስትጠግብ ጥርሷን የምትፍቀው በእኛ ሽቦ ነው። ማታ ደህና ያቆምከው መኪና፣ ጧት ፍሬቻ ስታበራ ክላክሱ ይጮኻል፤ ክላክሱን ስትነካ የዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። ሾፌሩ ሳህሌ አንድ ጊዜ ፍሬን ሲይዝ ሬዲዮው እየተከፈተ ከሳሪስ እስከዚህ ድረስ በዜና መጥቷል።

ድመትም ሞክረን ነበር። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባላል። የእኛ አይጦች የድመቷን አፍንጫ አሽትተው በሰላም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ድመቷ ከጋሽ ቃልቤሳ ምሳ ድርሻዋን ስለምትበላ፣ አይጥ ለመያዝ ምን አሯሯጣት?

ጋሽ ቃልቤሳ ጧት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ሰውን እንዳይመስላችሁ። መኪኖቹን ነው። በየኮፈኑ፣ በየሞተሩ ክዳን ላይ፣ በመዳፋቸው ሦስት ጊዜ ይመታሉ። በመጀመሪያው "እንደምን አደራችሁ" ይላሉ፤ በሁለተኛው "ነግቷል"፤ በሦስተኛው "ውጡ"። ሞተር ሳይነሳ በፊት አይጦቹ እንዲወጡ ነው። ገና ስቀጠር ይሄን አይቼ፣ ጠላትዎን ለምን ሰላም ይላሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ሰላም ሳይሉ ውጡ ማለት ነውር ነው" አሉኝ። አሁን ይኸው ሁላችንም ለምደነዋል። ሦስቴ ሳይመታ ሞተር የሚያስነሳ ሾፌር እዚህ ግቢ የለም። የሳህሌ ባለቤት እንደነገረችኝ ሳህሌ ቤቱ ማቀዝቀዣውንም መትቶ ነው የሚከፍተው።

የፍርፋሪ ፍተሻውንስ ማን ይረሳል? መኪና ውስጥ ቆሎ የተገኘበት ሾፌር ግቢውን ይጠርጋል። ሾፌሮች፣ ምስክር አያስፈልግም፤ ይህ ግቢ ንጹሕ የሆነው በእናንተ ሆዳምነት ነው። ሳህሌ ዳቦውን ኮፍያው ውስጥ ደብቆ ሲያልፍ ጋሽ ቃልቤሳ ሰላምታ ሰጡት። ኮፍያውን አንስቶ እጅ ነሳ። ዳቦው እግራቸው ሥር ወደቀ።

አሁን ወደ በርበሬው። እትዬ ዙፋን፣ እርስዎም እዚህ ስላሉ ይቅርታዎን አስቀድሜ ልለምን።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ጋሽ ቃልቤሳ ውጭ አገር አይጥ እንዳይነካው በሚያቃጥል ቃሪያ የተለወሰ የሽቦ መጠቅለያ አለ ሲባል ሰሙ። የፈረንጅ ቃሪያ ካባረራት የእኛማ በርበሬ አገር ያስለቅቃታል ብለው አሰቡ። ለባለቤታቸው ለእትዬ ዙፋን እንኳ ሳይናገሩ ከቤታቸው በርበሬ ቋጥረው መጡ። እትዬ ዙፋን በርበሬው ሲጎድልባቸው እህታቸውን ጠርጥረው ሁለት ሳምንት አኩርፈዋል። እህትየው ዛሬ እዚህ ካሉ ነጻ ናቸው።

ችግሩ ደረቅ በርበሬ ሽቦ ላይ አይያዝም። ምን ያጣብቀው? እስቲ አስቡት፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ግሪስ ሲነካ የኖረ እጅ፣ በርሜል ሙሉ ግሪስ አጠገቡ ቆሞ ሳለ፣ ያመጣው ቅቤ ነው። ያውም ኮረሪማ ገብቶበት የተነጠረ። በርበሬውን በቅቤ ለወሱ፣ የአሥራ አራት ቁጥርን ሽቦ አንድ በአንድ ቀቡ፣ ኮፈኑን ዘጉ። ለአይጥ ወጥመድ የሠሩ መስሏቸው ድግስ ደገሱላት።

መኪናዋን የምነዳው ደግሞ እኔ። ወሩ ሁዳዴ ነው። ሞተሩ ሞቅ ሲል ከፊቴ የቅቤ ሽታ ይመጣል። ከሳሪስ እስከ አቃቂ ምራቄን እየዋጥኩ ነው የምነዳው። መስኮት ብከፍት አይለቀኝም። በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ፣ "አባ፣ መሪ ስይዝ ዶሮ ወጥ ይሸተኛል" ብዬ ተናዘዝኩ። ስግደት ጨመሩብኝ። ጋሼ፣ ያ ስግደት በእርስዎ ነው።

ሳቃችሁን ጨረሳችሁ? እሺ። ይሄን ቀልድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስማቸውን "ጋሽ አዋዜ" ያላችሁትም በዚሁ ነው። ቀልዱ እንዴት እንደታወቀ ግን ብዙዎቻችሁ አታውቁም። ዛሬ ልናገረው።

በዚያው ወር አሥራ አራት ቁጥር ስንዴ እንደጫነች ቃሊቲ መንገድ መሐል ላይ ቀጥ አለችብኝ። መብራት የለ፣ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ የለ። ጭነቱ አረፈደ፣ ደንበኛው ተቆጣ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ቢሮ ውስጥ "ሬዲዮ ልታስገባ ሽቦ ቆርጣለች" ተባለ። እኔ ሬዲዮ ሲገባ እንኳ አይቼ አላውቅም፤ ግን ማን ይስማኝ? በግቢው ብቸኛዋ ሴት ሾፌር ነበርኩ፣ ድሮም አትችልም ሲሉ የከረሙ ነበሩ። የስንብት ደብዳቤዬ ተጽፎ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። ቤት እናቴና ሁለት ታናናሾቼ የእኔን ደሞዝ ይጠብቃሉ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተሰማ፣ አይደንግጡ፣ ዛሬ ልወቅስዎ አይደለም የተነሳሁት።

የአይጥ ምስክር ድንቢጥ ይላሉ። ለእኔ ያቺ ድንቢጥ እንኳ አልነበረችኝም። ጋሽ ቃልቤሳ ግን ፊርማው አንድ ቀን እንዲቆይ ለመኑ። ከጧት እስከ ማታ መኪናዋ ሥር ተኝተው ዋሉ። ዳሽቦርዱን ፈቱ። ከጀርባው የአይጥ ጎጆ አገኙ፣ ጎጆው ውስጥ የታኘከ ሽቦ፣ ሽቦው ላይ ቀይ ቀይ ነገር።

አሁን ልብ በሉ። በርበሬውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሽቦውን በጨርቅ አንድ ጊዜ ቢጠርጉት እኔም እድናለሁ፣ የእሳቸውም ስም አይነካም። አይጥ ናት ብለው ቢያልፉ ማን ይጠይቃቸዋል? ሳይጠርጉት ይዘውት ቢሮ ገቡ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦

"አቶ ተሰማ፣ ሽቦ የቆረጠችው ልጅቷ አይደለችም፣ አይጥ ናት። አይጧን የጋበዝኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ደብዳቤውን በእኔ ስም ያዙሩት።"

አቶ ተሰማ ሽቦውን አንስተው አሸተቱ። "ቅቤ ነው?" አሉ።

"ንጥር ነው" አሉ ጋሽ ቃልቤሳ።

አቶ ተሰማ እስኪያስላቸው ሳቁ። ደብዳቤው ተቀደደ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግቢው በሙሉ ሰማ፤ ያን ቀን የተጀመረው ሳቅ ይኸው እስከ ዛሬ አላባራም።

ስለዚህ አራት ዓመት የሳቃችሁበት ቀልድ የእኔ እንጀራ ነው። ታናናሾቼ የተማሩበት ነው። ጋሼ፣ አዋዜ ብለው ሲጠሩዎት አቤት ይላሉ። አንድም ቀን "እኔ እኮ ለሷ ብዬ ነው" ሲሉ አልሰማሁም። እኔም አብሬ ሳቅሁ እንጂ ደፍሬ አላመሰገንኩዎትም። ዛሬ በሰው ፊት አመሰግንዎታለሁ። አባት ሆነውኛል።

በቃ፣ አላለቅስም፤ ማይኩ ውድ ነው።

ሥራውን ለቢፍቱ አስረክበዋል። ቢፍቱ ከዛሬ ጀምሮ የግቢያችን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። የርክክቡን ወረቀት አሳይታኛለች፤ የመጨረሻው መስመር "ቅቤ አይነካም" ይላል፣ ከሥሩ ተሰምሮበታል። ለእትዬ ዙፋን ደግሞ እኛ ሾፌሮች አንድ ቆርቆሮ በርበሬና አንድ ቅል ቅቤ ይዘናል። አደራ፣ ቤት ውስጥ ቆልፈው ያስቀምጡት።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን በግራ እጅ ያዙ። ቀኙ ሥራ አለው። ጋሼ፣ ጤና ይስጥዎት፤ ዕድሜ ከእትዬ ዙፋን ጋር ይስጥዎት፤ የልጅ ልጆችዎ ብቻ እንጂ አይጥ ቤትዎን አይሙላው። አሁን ሁላችንም ጠረጴዛውን በመዳፋችን እንመታለን፣ እንደ ልማዳችን።

አንድ፤ እንደምን ዋሉ ጋሽ ቃልቤሳ።

ሁለት፤ መሽቷል፣ ይረፉ።

ሦስተኛውንም እንመታለን። ግን "ውጡ" አንልም። ሦስተኛውን መትተን ዝም እንላለን፤ በሩም ክፍት ይቆያል።