ሆግቭሊት የቀረው ጫማዬ

ሆላንድ አገር ያለው የሆግቭሊት ደብር አዳራሹን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ለጸሎት በፈቀደልን በመጀመሪያው እሑድ፣ እንደ አገራችን ወግ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ጨርሰን ስንወጣ አንድም ጫማ የለም። ለካ ያን ቀን ደብሩ ለጣሪያው ማሳደሻ አሮጌ ዕቃ ይሸጣል፤ ሰፈርተኛውም የሚለግሰውን እዚያው በር ላይ ያስቀምጣል። የአዳራሹ ኃላፊ ኮሪ ጫማችንን ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ደርድራዋለች። በማግስቱ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳርቻ ባለ አንድ ሆቴል ሥራ ልጀምርበት የገዛሁትን ጫማ አንድ ረጅም ሆላንዳዊ አጥልቆ ወዲያ ወዲህ ይልበታል።

"የኔ ነው" ልል ስል ኮሪ እጄን ያዘችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ከእግሩ አውልቆ የሚሰጥ ሰው አይቼ አላውቅም" አለችኝ።

የሁላችን ታላቅ እማማ ብዙነሽ በካልሲያቸው ቆመው "ምን አለች?" አሉኝ። ተረጎምኩላቸው።

"ታዲያ አሁን በምን አፋችን መልሺ እንላታለን? በል ና ልጄ" አሉና ወደ አውቶቡሱ አመሩ። ሁላችንም በካልሲ ተከተልናቸው።

ለሚቀጥለው እሑድ ጫማችንን በፌስታል ይዘን ልንገባ ተስማማን። ስንደርስ ኮሪ ትልቅ ባዶ ሳጥን ታቅፋ፣ ፈገግ ብላ በር ላይ ትጠብቀናለች።