ምርኩዙ ለማን ነው?

የእርዳታ ድርጅቱ መኪና ጎማ የፈነዳው ከአንዲት ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ ነበር። ሾፌሩ ጎማውን እስኪያስጠግን ነርሷ ከጎሚስታው ቤት ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መኪናው የጫነው በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጥ አልሚ ምግብ ነው፤ የሚጠብቁትም ከቀያቸው የተፈናቀሉ እናቶች ናቸው። ሥራዋ ከአንዱ መጠለያ ወደ ሌላው እየዞሩ የሕፃናትን ክንድ በባለ ቀለም ጥብጣብ መለካት፣ ቀይ ላይ የወደቀውን ለይቶ ማስታመም ነው። የትም ብታድር የእናቷን የአንገት ልብስ ትራሷ ላይ ታነጥፋለች። ልብሱ ከታጠበ ወዲህ ሽታው ጠፍቷል፤ እሷ ግን ማንጠፏን አልተወችም። ሲመሽ የሰው ቤት መስኮት ውስጥ መብራት ሲበራ ካየች ደግሞ መንገዷን ገታ አድርጋ ታያለች።

ከአግዳሚው አጠገብ አንድ አውቶቡስ ለዕረፍት ቆሞ ተሳፋሪዎቹን አወረደ። ከመካከላቸው ጎንበስ ብለው የወጡትን ረጅም ሽማግሌ ስታይ ብድግ አለች። ሰፈሩ «ጋሽ መሰላል» የሚላቸው ልብስ ሰፊ፣ የሟች አባቷ ጓደኛ ነበሩ።

«አንቺ ነሽ ወይስ ዓይኔ ነው?» አሉ።

«እኔው ነኝ ጋሼ! ከየት ተገኙ?»

«ለዕቃ ወጥቼ ወደ ቤት መመለሴ ነው። ምነው እንዲህ ከሳሽ? ምግብ እያደልሽ አንቺ አትበይም እንዴ?»

«የሚታደለው የሕፃን ነው፤ እኔን እምቢ አሉኝ።»

ተሳሳቁና ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እማዬስ?» አለች።

«ደህና ናት። ሁሉም ደህና ነው። ምን ትሆናለች፣ ደህና ናት» አሉ፤ በአንድ ትንፋሽ።

ነርሷ የእናቷን ድምፅ በስልክ ከሰማች ሰንብታለች። ታናሽ እህቷ አንድ ቀን «ተኝታለች»፣ ሌላ ቀን «ጎረቤት ሄዳለች»፣ ሲቸግራት ደግሞ «ገላዋን እየታጠበች ነው» ትላለች። እናቷ በዕድሜዋ ሙሉ ያን ያህል ታጥባ አታውቅም።

ዓይኗ ከሽማግሌው ጉልበት አጠገብ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ላይ አረፈ። ከጫፉ አራት የጎማ እግሮች ብቅ ብለዋል።

«ምርኩዙ ለማን ነው?»

«ለኔ ነዋ። እርጅና መጣ።»

«እስኪ ይደገፉበት።»

ሽማግሌው ቆመው ሞከሩ። መያዣውን ለማግኘት ለሁለት መታጠፍ ነበረባቸው። ጎሚስታው ካለበት ሆኖ፣ «አባባ፣ የጠፋ ሳንቲም ነው የሚፈልጉት?» ብሎ ሳቀ። ነርሷ አልሳቀችም። እናቷን ስታቅፍ የራሷ አገጭ የእናቷ አናት ላይ ነው የሚያርፈው።

«ይህ የእማዬ ቁመት ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ምዬላታለሁ፣ ልጄ። በሰው አገር ብቻዋን ሆና ትደነግጣለች፣ እንዳትነግራት ብላ አስምላኛለች።»

«በሕይወት አለች?»

«አለች እንጂ! ምን ነካሽ!»

«አዩ? ስትደብቁኝ እንዲህ ነው የምሆነው። ስልኩን ዘግቼ ስተኛ በየማታው እቀብራታለሁ።»

ሽማግሌው ይህን አልጠበቁም፤ ግን የኖሩበት ነገር በቀላሉ አይለቅም። «እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። መንገደኛ ክፉ ወሬ አይነገረውም። ቢሰማስ ምን ያደርጋል? ክንፍ የለው፤ ካለበት ሆኖ መቃጠል ነው።»

«ጋሼ፣ እባክዎን ይስሙኝ። ባለፈው መጠለያ መንታ ልጆች ያሏት አንዲት እናት ነበረች። ደልደል ያለውን ይዛ መጣች፤ ክንዱን ለካሁ፣ አረንጓዴ ላይ አረፈ፣ አመስግኜ ሸኘኋት። ከሲታውን ግን ሰው እንዳያይባት ድንኳን ውስጥ ሸሽጋዋለች። ጎረቤቷ ባትነግረኝ ኖሮ አይተርፍም ነበር። እናንተም እኔን እንዲሁ ናችሁ፤ ደልዳላውን ብቻ አሳይታችሁ ትሸኙኛላችሁ።»

ጎማውን እያንከባለለ ያለፈው ሾፌር ጣልቃ ገባ። «እሷን አይስሟት አባቴ! ክረምት ላይ ወባ ጥሏት ሐኪም ቤት ተኝታ፣ ለቤቷ በስልክ 'ስብሰባ ላይ ነኝ' ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«የኔ ሐኪም!» አሉ ሽማግሌው ጭናቸውን መታ አድርገው፤ «ለካ አንቺም ከሲታውን ደብቀሻል!»

ነርሷ አቀረቀረች። «ደብቄያለሁ። እንግዲያው ሁላችንም እንተወው።»

እንዲህ ያለው ውሸት ከፍቅር የሚወጣ በመሆኑ ነው ሰው የማይጠየፈው። የምንወደው እንዳይደነግጥ ብለን ብቻውን እናስቀምጠዋለን። በኋላ የሚቆጨው ግን ያለቀሰው ልቅሶ አይደለም፤ ቤቱ ሲጨልም እሱ ሳያውቅ የሳቀው ሳቅ ነው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በጣቶቻቸው መካከል ብዙ ካዞሩ በኋላ ተናገሩ። «ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ምላሷም ተያዘ። ሐኪም አይቷታል፣ መድኃኒትም ጀምራለች። ስልክ የማታነሳው ድምፄን ሰምታ ታውቅብኛለች ብላ ነው።»

ነርሷ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። «ከአልጋ ማን ያነሳታል?»

«እህትሽ። የማይታዘዘውን ክንዷን ስባ ታስነሳታለች። እናትሽ ታቃስታለች፤ ምን ይደረግ።»

«እንዳትስባት! ትከሻዋ ይወልቃል! ይደውሉላት፣ አሁኑኑ!»

ሽማግሌው ደወሉና ስልኩን ለነርሷ ሰጧት፤ እህቷ አነሳች። «ጋሼ፣ ምርኩዙ ተገኘ?»

«ተገኝቷል» አለች ነርሷ። «ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ።»

ወዲያ ማዶ ልቅሶ ተሰማ። ነርሷ እንዲወጣላት ጠበቀችና ክንዷን ሳይሆን ወገቧን ይዛ እንድታነሳት፣ የደከመውን ክንድ በትራስ እንድትደግፍ፣ ቀጥ አድርጋ ሳታስቀምጣት እንዳታበላት፣ የደም ግፊት መድኃኒቱን ሐኪሙ ሳያዝ እንዳታቋርጥ አንድ በአንድ አስረዳቻት። እህቷ፣ «እኔ እኮ የረዳኋት መስሎኝ ነው» አለች። «አውቃለሁ እህቴ። ስልኩን ስጫት።»

ረጅም ትንፋሽ መጣ። ከዚያ ቃላቱ እየተንገዳገዱ፣ «አፌ… ተጣሟል። እንዳትስቂ።»

«አልስቅም እማዬ። ናፍቀሽኛል። ደክሞኛልም። ክረምት ላይ ታምሜ ነበር።»

«አውቄያለሁ» አለች እናቷ። «ስብሰባ ላይ… ሰው እንዲያ… አያቃስትም።»

ነርሷ ሳትወድ ሳቀች፤ ሳቁ ግን መጨረሻው እንባ ሆነ።

የአውቶቡሱ ጥሩምባ ሲጮህ ሽማግሌው ክንዷን ያዙ። «አሁን ከኔ ጋር ነይ።»

«መኪናው ላይ ያለው ምግብ ዛሬ ይጠበቃል። አድርሼ፣ ሥራውን ለምትተካኝ ነርስ አስረክቤ እመጣለሁ። እማዬ እንዴት እንደሆነች ካወቅሁ እጄ ሥራ ይይዛል፤ ስጠራጠር ነበር የማይሠራው።»

ሽማግሌው ምርኩዙን ጠቀለሉ። «ብነግራት አሳምማታለሁ ስል ለካ ዝም ያልኩት እናትሽን ሲያሳምም ከርሟል። አንድ ቃል ቀድሜ ብናገር ትከሻዋ በዳነ ነበር። ከእንግዲህ ወዲህ በኔ ፊት መንገደኛ ልጁን የሚዋሽ ሰው ካለ ሱሪውን አልሰፋለትም።»

ከዚያ ቀን በኋላ የዚያ ቤት ልማድ ተለወጠ። ስልክ ሲደወል ክፉው ይቀድማል፣ ደጉ ይከተላል። ነርሷ በመጠለያው የቀሯትን ምሽቶች ድንኳኗ ውስጥ ቁጭ ብላ የምትሰማው ይህንኑ ነበር። «ዛሬ እጄ አልታዘዝ አለኝ።» «ዛሬ ተናድጄ ምርኩዙን ወረወርኩት።» «ዛሬ አልቅሻለሁ፤ ናፍቀሽኝ ነው።» እሷም የዕለቱን ትነግራቸዋለች፤ የዳነውን ሕፃን፣ ያልዳነውንም።

ለመንገድ ሻንጣዋን ባዘጋጀችበት ምሽት እናቷ፣ «ዛሬስ… ደህና ነኝ» አለቻት።

ነርሷ እንደ ልማዷ ጥርጣሬው እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። የአንገት ልብሱን ከትራሷ ላይ አንስታ አጣጠፈችው፤ ልብሷ ሁሉ ከገባ በኋላ ከሻንጣው አናት ላይ አስቀመጠችውና ተኛች።