የጊታሬ ምርቃት

ያላዘዛችሁትን የሚመርቅላችሁ ባለሙያ አይግጠማችሁ! ካዛንቺስ ለሚሠራ ጊታር ጠጋኝ የኤሌክትሪክ ጊታሬን የገመድ መሰኪያውን ብቻ እንዲቀይርልኝ ሰጠሁት። ልወስድ ስሄድ የጊታሩን ጭንቅላት በስቶ ቀጫጭኖቹን ክሮች ወደ ታች የምትጫን ብረት በብሎን አስሮበታል። «ምንድነው ይሄ?» አልኩት። «ይቺ ስንቱ ጊታር ላይ አለች፣ ያንተ ጎሎት ነበር። ምርቃት ነው፣ አትከፍልበትም!» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ደሜ ፈላ። «ምንም አልጎደለውም! ክሮቹ የሚጠመጠሙባቸው መቃኛዎች እኮ ሆን ተብሎ በቁመት እየተበላለጡ ነው የተሠሩት። የቀጫጭኖቹ ክሮች መቃኛ አጭር ስለሆነ ክሩ ያለ ብረት ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። አሁን ብረቷ ክሩን እየያዘች ቅኝቴን ልታበላሽ ነው! ሳትጠይቀኝ እንዴት ትበሳለህ?» ስለው ቅር እያለው ብረቷን ፈታት። ቀዳዳው አፍጥጦ ቀረ። ትንሽ አሰበና፣ «በቃ ወንድሜ፣ እሱንም በምርቃት እደፍንልሃለሁ» ብሎ እጁን ወደ መብሻው ሲሰድ፣ ጊታሬን አፈፍ አድርጌ ወጣሁ።