ከቅዳሜው ንግግር ጠረጴዛ ላይ ስለጠፋው የሸክላ አሳማ

የምስክር ሙሉ ስም፦ ካስሚራህ ቢንቲ ሱራጂ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የቴምፔ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ምግብ) ሻጭ
አድራሻ፦ ሞጆከርቶ፣ ትሮውላን፣ ከመንደሩ አዳራሽ ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ቅዳሜ ኦገስት 18 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ትሪማን

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ፣ እንዲያውም በራሴ ሞተር ሳይክል ጣቢያው ድረስ መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ሳጅን ትሪማን ቀስ ብዬ እንድናገር ደጋግመው አሳስበውኛል፤ ዛሬ ግን ቀስ ማለት የሚሆንልኝ ቀን አይደለም።

በመንደራችን አዳራሽ በየቅዳሜው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የአርኪዮሎጂና የታሪክ ንግግር ይደረጋል። ጡረታ የወጡት መምህር ፓክ ሱማርላን፣ አባባ ሱማርላን ማለት ነው፣ ከጀመሩት ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ዶፍ ቢዘንብም፣ የኳስ ዋንጫ ቢሆንም ቀርቶ አያውቅም። እኛ ለጡብ የሚሆን አፈር ስንቆፍር በየጊዜው የሚወጣልን የድሮ ሸክላ የማን እንደነበር የተረዳነው እዚያ ተቀምጠን ነው። እኔ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የፊት ወንበር ላይ ነኝ። ባለቤቴ "ከእኔ ይልቅ የሞቱ ነገሥታት ይሻሉሻል" ይለኛል፤ አልዋሸም።

ዛሬ ንግግሩ የተመሠረተበት ቀን ስለነበር የዱዓ ማዕድ አዘጋጅተን ነበር። ሳጅን ቢያውቁትም ይጻፍልኝ፤ ከዱዓው በኋላ እያንዳንዱ ታዳሚ ቢጫ ሩዝ፣ የዶሮ ብልትና እንቁላል የያዘ የቀርከሃ ሙዳይ ይዞ ይሄዳል። ይህ የበረከት ሙዳይ ቤት ሳይደርሱ አይከፈትም፤ መንገድ ላይ የከፈተ ሰው እንደ ስግብግብ ይቆጠራል። ሙዳዮቹን ያሰናዳነው እኔና ጎረቤቴ ቡ ጊያርቲ፣ እትዬ ጊያርቲ እንደማለት፣ ነን።

የዕለቱ ተናጋሪ ከከተማው ዩኒቨርሲቲ የመጡት ዶክተር ባጋስ ነበሩ። ከሙዚየም አስፈቅደው የድሮ የሸክላ አሳማ ይዘው መጡ፤ ጀርባው ላይ ገንዘብ ማስገቢያ ያለው፣ ሆዱ የተነፋ፣ እዚሁ የእኛ አፈር ውስጥ የተገኘ ነው። ስናየው አዳራሹ በሙሉ ከወንበሩ ተነሳ። ዶክተሩ ማንም እንዳይጠጋ ከለከሉ። ቡ ጊያርቲ በጆሮዬ "አሳማና የበረከት ሩዝ አንድ ጣራ ሥር! ሐጂዎቹ ምን ይሉናል?" ብትለኝ "ዝም በይ፣ ይሄኛው አይበላም" አልኳት።

ንግግሩ እንዳለቀ ዶክተሩ አሳማውን ወደመጣበት የፕላስቲክ ሳጥን ሊመልሱት ሲሉ መክደኛው ተሰብሮ ተገኘ። ፓክ ሱማርላን ከእኛ አንድ ባዶ ሙዳይ ሲያመጡ ዶክተሩ አሳማውን በጨርቅ ጠቅልለው አስገቡት፤ ፓክ ሱማርላንም ከላይ የሙዝ ቅጠል አልብሰው ከደኑት። እኛ እንቁላል ገበያ የምንወስደው እንዲህ ስለሆነ ማንም ነገሬ አላለውም። ዶክተሩ "ፓክ፣ አደራዎን፣ ዓይንዎን ከሱ ላይ እንዳያነሱ" ብለው ፎቶ ለመነሳት ወደ በሩ ሄዱ። ፓክ ሱማርላን ግን ንግግር ባለቀ ቁጥር ሰው በጥያቄ ይከባቸዋል፤ ዛሬም ከበባቸው፤ ዞረው መልስ መስጠት ጀመሩ። እኛም በዚያው መሃል ሙዳዮቹን ለሰዉ እናድል ነበር።

ዶክተሩ ሲመለሱ ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ፊታቸው አመድ መሰለ። "የሙዚየም ንብረት ነው፣ እኔ ፈርሜ ነው ያወጣሁት፤ ማን እንደነካው እሳቸው ያውቃሉ" ብለው በፓክ ሱማርላን ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። ፓክ ሱማርላን አልተከራከሩም። "የተሰጠኝ ለእኔ ነው፤ የምጠየቀውም እኔ ነኝ" አሉ። የመንደሩ አስተዳዳሪ ደግሞ ይህን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል "ዛሬ ካልተገኘ ከእንግዲህ በዚህ አዳራሽ ንግግር የሚባል ነገር የለም" ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። ፖሊስ መጥቶ ፓክ ሱማርላንን በመኪና ሲወስዳቸው አለቀስኩ። ያለቀስኩት ከሐዘን ይልቅ በንዴት ነው፤ እሳቸው እንኳን ሊሰርቁ የወደቀ የሸክላ ስባሪ ሲያነሱ መሬቱን ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው ናቸው።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ያን ሁሉ ሙዳይ ያደልነው እኛ፣ አሳማው የተቀመጠውም በሙዳይ፤ ታዲያ ሌባ ምን ያደርጋል? ከበረከቱ ጋር ተደባልቆ አንዱ ሳያውቅ ይዞት ሄዷል ማለት ነው። ሞተሬን አስነስቼ በቀጥታ መስጊድ ሄድኩና ድምፅ ማጉያው እንዲከፈትልኝ ለመንኩ። "በረከት የወሰዳችሁ ሁሉ፣ ሳትበሉ ሙዳያችሁን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ኑ። የበላችሁም ባዶውን ይዛችሁ ኑ" ተብሎ ለመንደሩ ተነገረ።

ሰዉ እንዴት እንደመጣ ሳጅን ራሳቸው አይተዋል። የጣቢያው ግቢ በሞተር ሳይክል ተጨናነቀ። ሽማግሌ በልጁ ታዝሎ መጣ፤ አንዷ ሴት ሙዳይዋን ለአማቷ ልካ ስለነበር አማቷን ከነሙዳይዋ ይዛ መጣች። በፖሊስ ፊት አንድ በአንድ ተከፈተ። ሩዝ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፤ ደግሞ ሩዝ፣ ዶሮ፣ እንቁላል። አሳማ ግን የለም። ንግግሩም አበቃለት፣ እኚያ ደግ ሰውም አበቃላቸው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ለቃሌ ወደዚህ ክፍል የተጠራሁት። ዶክተሩም በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሳጅን "ሙዳይ ያልደረሰው ሰው አለ?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም "የለም፣ ለሁሉም ደርሷል። እንግዳ እምቢ እንዳይል በእጁ አንሰጠውም፤ ሳያይ መኪናው ውስጥ እናስቀምጥለታለን፤ ያንንም ቡ ጊያርቲ..." ስል ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። የሳጅንም እስክሪብቶ ቆመ። ሁለታችንም ወደ ዶክተሩ ዞርን።

ሳጅን "ዶክተር፣ መኪናዎ ውስጥ ሙዳይ አለ?" አሏቸው።

"አለ፣ የኋላ ወንበር ላይ። ምነው?"

"ከፍተው አይተውታል?"

ዶክተሩ ተቆጡ። "የበረከት ሙዳይ መንገድ ላይ ይከፈታል እንዴ? እናቴ እንደዚያ አድርጋ አላሳደገችኝም።"

ይህን እንደተናገሩ ቀለማቸው ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንደሮጠ አላስታውስም፤ የምስክርነት ቃሌ የተቋረጠው በዚህ ምክንያት መሆኑ ይታወቅልኝ።

የመኪናው በር ሲከፈት ግቢው ሁሉ ዙሪያውን ከበበ። ሳጅን መክደኛውን አነሱ፤ የሙዝ ቅጠሉን ገለጡ፤ ጨርቁን ፈቱ። የአሳማው አፍንጫ ብቅ አለ። የተነሳው ጩኸት ገበያው ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ቡ ጊያርቲ ፊቷን በሻሿ ሸፍና "ለብቻው ተለይቶ ተቀምጦ ሳየው የእንግዳው ነው ብዬ ነው፤ ደግሞ ከበድ ሲለኝ ዶሮው ትልቅ ደርሶታል ብዬ ደስ አለኝ" አለች። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ፓክ ሱማርላንን ከውስጥ አመጧቸው። ዶክተሩ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሳሙና "ፓክ፣ በሰው ፊት ሌባ አደረግሁዎት" አሉ። ፓክ ሱማርላን ግን "አደራውን ትቼ የዞርኩት እኔ ነኝ። ለመሆኑ ጆሮው ደህና ነው? አልተሰበረም?" ብለው ነው የጠየቁት። ዶክተሩ አሳማውን በሁለት እጃቸው አንስተው በፓክ ሱማርላን መዳፍ ላይ አስቀመጡት። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሲነግሩን ኖረው በመስታወት ውስጥ ከማየት በቀር አንድም ሙሉውን በእጃቸው ይዘው አያውቁም ነበር። ጆሮውን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት።

አስተዳዳሪው በመካከሉ "እንግዲህ ያው ስለ አዳራሹ..." ብሎ ሲጀምር ዶክተሩ "በሚቀጥለው ቅዳሜ ተናጋሪው ማነው? ካልተያዘ እኔ ልምጣ" አሉት። አስተዳዳሪው ሕዝቡን አየና "ክፍት ነው፣ ሁልጊዜም ክፍት ነው" አለ።

የተከፈተ በረከት ወደ ቤት ስለማይመለስ ሰዉ እዚያው ግቢ ተቀምጦ መብላት ጀመረ፤ ፖሊሶቹም አብረው በሉ። እኔ ቃሌን ለመጨረስ ወደዚህ ክፍል ተመልሻለሁ። ይህን ስናገር በመስኮቱ ይታየኛል፤ ፓክ ሱማርላን አሳማውን እንደያዙ ደረጃው ላይ ቆመው "እሺ፣ ጥያቄ ያለው?" አሉ፤ ሩዝ በያዘው እጁም ቢሆን እጁን ያላወጣ የለም። ሳጅን ትሪማንም በዚሁ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው አሳማው ውስጥ ገንዘብ ይኖር እንደሆነ ጠይቀዋል።

በዚህ ጉዳይ የሰረቀ ሰው የለም፤ ፓክ ሱማርላንም ንጹሕ ናቸው። የተናገርኩት በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው። የተጻፈው ተነቦልኛል፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቅበታለሁ። ፊርማዬን ቶሎ እንዳኖር ይፈቀድልኝ፤ እኔም በመስኮቱ እጄን አውጥቻለሁ፣ ፓክ ሱማርላንም አይተውኛል፣ ተራዬ ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ካስሚራህ
ቃሉን የተቀበለው ሰው ፊርማ፦ ሳጅን ትሪማን