እርጥቡ ከረጢት

ሥራዬ ጅማ መርካቶ፣ መጋዘን በር ላይ ቆሜ ቡና መረከብ ነው። እጄን ጆንያው ውስጥ እከትና እርጥብ ከሆነ የማንንም አልቀበልም። ወገቤ ግን ለዓመታት አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር። ሁሉም «ብርድ ነው» ሲለኝ ቅባት እየተቀባሁ ቻልኩት። ግራ እግሬ ሲደነዝዝ ግን ፈራሁና ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ የተነሳሁትን ፊልም አሳየችኝና «አከርካሪዎ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። ብዙ ሰው ላይ አይገኝም። ነርቩን ሳይጎዳው በቀዶ ጥገና ማውጣት አለብን» አለችኝ።

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ መጀመሪያ የእግሬን ጣቶች ሞከርኳቸው። ተንቀሳቀሱ! በሳምንቱ ኮሪደሩ ላይ ቀስ እያልኩ ስራመድ፣ አንድ ጊዜ ቡናቸውን የመለስኩባቸው የሸቤው ገበሬ አባ ፊጣ ሊጠይቁኝ መጡ። የሆንኩትን ነገርኳቸው።

«ውሃ የያዘ ከረጢት?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባ ፊጣ።»

«ስንት ዓመት ያዝከው?»

«ሰባት ሳይሆነው አይቀርም።»

«ያ ረቢ! የኔን እርጥብ ነው፣ አንድ ቀን አያድርም ብለህ እስከ ሸቤ መለስከኝ። የራስህን ሰባት ዓመት አሳደርከው?»

ስፌቴን ይዤ ሳቅኩ። ያመመኝም ስፌቱ ብቻ ነበር።