ደብዳቤው በሳምንቱ ደረሰ

ከመሸንቲ ወደ ባሕር ዳር በሚመጣ ታክሲ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ በስልኳ የድሮውን ዘመን የሚያሳይ ኮሜዲ እያየች ትስቃለች። አጠገቧ ያሉ እናትም ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ይህንንማ እኔም ቤቴ አየዋለሁ።»

«እውነት ያኔ እንዲህ ነበር፣ እማማ?»

«ቴሌቪዥኑ የለበሰው ዳንቴል ልክ ነው። ሱሪውም ልክ ነው፤ ወንድሜ እንዲህ ታቹ የሰፋ ነበር የሚለብስ።»

«ስሕተት የለውማ!»

«አለው እንጂ። ጦር ሜዳ የዘመተው ልጅ ደብዳቤ ጻፈ፤ በሳምንቱ እናቱ እጅ ገባ። እንዲያ ቶሎ አይደርስም ነበር።»

ልጅቷ ሳቀች። «ታዲያ ስንት ጊዜ ይፈጅ ነበር?»

«የወንድሜ የመጀመሪያው በሦስተኛው ወር ደረሰን። ‹ሁለተኛውን ከፎቶዬ ጋር እልካለሁ› ይላል።»

«ሁለተኛውስ?»

«እየጠበቅሁ ነው።»

ልጅቷ ድራማውን አቆመችው።

«ኧረ አታቁሚው ልጄ። ቀጥሎ ልጁ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እሱን ማየት እወዳለሁ።»

ልጅቷ መልሳ ከፈተችው፤ ስልኩንም ወደ እሳቸው አስጠጋችላቸው።

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል የልጁን መመለስ ከኋላ እያየሁ አለፍሁ።