በባለካባው ፊልም የታገደ ሰው

ሆሳዕና፣ ቅዳሜ ከሰዓት። በአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወንጌላዊ ተከስተ ትናንት ለወጣቶች ፊልም ያሳየበትን ነጭ አንሶላ ከግድግዳው እያወረደ ነው፤ የድሮ የመዘምራን ጓደኛው ዘነበች ከእግሩ ሥር ቆማ ትሟገተዋለች።

ዘነበች፦ አትስበክበት አልኩህ፣ ተከስተ! ነገ ስለዚያ ፊልም አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ!

ተከስተ፦ ኧረ ቀስ በይ፣ መሰላል ላይ ነኝ። ስብከቱን ጨርሻለሁ እኮ። ርዕስ ሳይቀር አውጥቼለታለሁ፤ «ጀግኖቹ ሲመለሱ»።

ዘነበች፦ ወይ ጉድ! ምን ሊሆኑ ነው የሚመለሱት?

ተከስተ፦ ሳታዪው አትፍረጂ። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የምናውቃቸው ጀግኖች ናቸው እንደገና የተገናኙት። ባለካባው ራሱ ሸብቷል። ጉልበቱን እያመመው ነው የሚበረው። ያ ክፉ ጠላታቸው እጃቸው ሲገባ ሊገድሉት ይችሉ ነበር፤ አልገደሉትም። አስታመው ፈወሱት። ጌታ ጠላትን ውደዱ ያለን ይሄንን አይደል? ነገር በምሳሌ ነው።

ዘነበች፦ ጠጅ በብርሌውንም ጨምርበትና በሱም ያግዱህ!

ተከስተ፦ አይ ዘኒ፣ አሁንም ምላስሽ አልተኛም።

ዘነበች፦ አለቀሰ አሉኝ። ወንጌላዊ ፊልም እያየ አለቀሰ ብላ የወንድሜ ልጅ ሶስና ናት የነገረችኝ።

ተከስተ፦ ምን ልዋሽሽ፣ አለቀስኩ። ያ የድሮው ሙዚቃ ጀምሮ ባለካባው ከጭሱ ውስጥ ብቅ ሲል ልጅነቴ መጣብኝ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ዘነበች፦ ልጅነትህ የት ነበር? የመጀመሪያውን ፊልም የት ነው ያየኸው?

ተከስተ፦ ያዢልኝ እስቲ ይህን ጫፍ።

ዘነበች፦ አልይዝም። የት ነው ያየኸው?

ተከስተ፦ ታውቂያለሽ።

ዘነበች፦ ከገበያው ጀርባ፣ ቪዲዮ ቤት። መዝሙር ልምምድ አለን ብላችሁ፣ አንተና ወንድሜ ደገፈ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እሑድ ሽማግሌው እዚችው መድረክ ላይ ወጥተው «ደገፈ ዓለማዊ ፊልም በማየቱ ከመዘምራንና ከጌታ እራት ለስድስት ወር ታግዷል» ብለው አነበቡ። የእሱን ብቻ። ያንተ ስም የት ገባ?

ተከስተ፦ ያኔ ዘመኑ ሌላ ነበር። ቪዲዮ ቤት መግባት ማለት...

ዘነበች፦ ኃጢአትም እንደ ሱሪ ፋሽኑ ያልፍበታል እንዴ? ያኔ ያስባረረ ሰውዬ ዛሬ ካባውን ለብሶ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይበራል!

ተከስተ፦ ሽማግሌዎቹ ናቸው እንጂ እኔ አላገድኩትም!

ዘነበች፦ «ከማን ጋር ነበርክ?» ሲሉት ምን አለ?

ተከስተ፦ ዘኒ፣ በጌታ።

ዘነበች፦ ምን አለ?

ተከስተ፦ «ብቻዬን» አለ።

ዘነበች፦ አንተ ከጎኑ ተቀምጠህ! እሺ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነው፣ ፈራህ ልበል። ስድስት ወሩ አልቆ ንስሐ ይግባ ተብሎ እዚህ ሲቆምስ? ወደ መዘምራኑ ወንበር ዞሮ አንተን አንተን ነበር የሚያየው። አንተ አቀርቅረህ የመዝሙር ደብተር ታገላብጣለህ። አንዲት ቃል ሳይናገር ወጥቶ ሄደ። እናታችን ስትቀበር እንኳ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው ያለቀሰው።

ተከስተ፦ አውቃለሁ። አይቼዋለሁ።

ዘነበች፦ አየኸው! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲሉ ወጊው ረስቶ ይሆናል እል ነበር። ለካ ትዝ እያለህ ነው።

ተከስተ፦ ትናንት ያስለቀሰኝ ምን መሰለሽ? ጀግኖቹ ሲገናኙ አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ከመሀላቸው የጎደለ አለ። ያኔ ደገፈ ነው የመጣብኝ።

ዘነበች፦ ዶሮ ሲጮህ ያለቀሰ ሐዋርያ ነበር። አንተ ፊልም እስኪመጣልህ ጠበቅህ።

ተከስተ፦ ብትሰድቢኝ መብትሽ ነው። ግን ዛሬ ምን ይሻላል? ነገሩ አርጅቷል። ደገፈም ጋራዡን ከፍቶ፣ ቤቱን ይዞ...

ዘነበች፦ አርጅቷል? ትናንት ማታ ሶስና እራት ላይ «አባዬ፣ ቤተ ክርስቲያን የባለካባውን ፊልም አሳዩን» አለችው። የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ?» «አዎ፣ በግድግዳው ሙሉ።» ሳቀ። እንዴት እንደሳቀ ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር፤ አባቷን ፈራችው። ከዚያ «እሑድ እኔም እመጣለሁ» አላት።

ተከስተ፦ ነገ? ደገፈ እዚህ ሊመጣ?

ዘነበች፦ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ። አሁን ገባህ ለምን እንደበረርኩ? አንተ መድረክ ላይ ቆመህ ስለ ባለካባው ይቅር ባይነት ስትሰብክ፣ ምእመኑም አሜን ሲልህ እሱ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማሃል። ነገ ከወጣ በቃ፣ ሞቶም አይመለስም። ልጅቷንም ይዟት ነው የሚሄደው።

ተከስተ፦ እና ሌላ ልስበክ?

ዘነበች፦ ሌላ ስበክ፤ ወይም እውነቱን ተናገር። «እኔም አብሬው ነበርኩ» በል። ሦስት ቃል ናት።

ተከስተ፦ በአፍ ቀላል ነው። እነዚህ ሽማግሌዎች ለትናንቱ ፊልም ራሱ በስንት ልመና ነው የፈቀዱልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ዋሽቶ ያገለገለ ሰው ብለው ከመድረክ ያወርዱኛል። ሦስት ልጆች አሉኝ። ሌላ ሙያ የለኝም፤ ብሎን እንኳ ማጥበቅ አላውቅም።

ዘነበች፦ ደገፈም ያኔ አያውቅም ነበር፤ ለመደ።

ተከስተ፦ ቆይ፣ አንሶላውን ላጣጥፈው።

ዘነበች፦ ያኔ ደብተር፣ ዛሬ አንሶላ! ዝምታ እንደሆነ ታውቅበታለህ።

ተከስተ፦ እሺ። እኔ ዝም አልኩ። የዝምታዬን እኔ ልሸከመው። የተናገረውስ ማን ነው?

ዘነበች፦ የተናገረው ምን?

ተከስተ፦ ቪዲዮ ቤት መግባቱን ለሽማግሌዎቹ ያደረሰው። ያየን ሰው አልነበረም። ቢያየንማ ሁለታችንንም ነበር የሚናገረው። የወሬው ባለቤት የሚያውቀው ደገፈን ብቻ ነው።

ዘነበች፦ ከገበያ ነዋ። ወሬ ምን እግር ያስፈልገዋል?

ተከስተ፦ እማማ ማሚቴ፣ የሽማግሌው ሚስት፣ ሊሞቱ ሰሞን ልጸልይላቸው ሄጄ ነገሩኝ። «አንዲት ልጅ በእህቶች ጸሎት ላይ የጸሎት ርዕስ አቀረበች፤ እኔም ለባሌ አወራሁ፤ ያ ልጅ በእኔ ጠፋ» ብለው አለቀሱ።

ዘነበች፦ ስም ጠሩልህ?

ተከስተ፦ ጠሩልኝ።

ዘነበች፦ መቼ ነው?

ተከስተ፦ አሥር ዓመት ሊሆነው ነው።

ዘነበች፦ አሥር ዓመት በየእሑዱ ሰላም ስትለኝ...

ተከስተ፦ አዎ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ዘነበች፦ ጸልዩለት ብዬ ነው! በጌታ ስም፣ ተከስተ፣ ላጠፋው ብዬ አይደለም! ካልሲው ውስጥ የቪዲዮ ቤቱን ትኬት አገኘሁ፣ ደነገጥኩ። ዓለም ሊወስደው ነው ብዬ... «ወንድሜ ቪዲዮ ቤት መግባት ጀምሯል፣ አስቡት» አልኩ። በቃ። እሱን ብቻ ነው ያልኩት።

ተከስተ፦ አምንሻለሁ።

ዘነበች፦ ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነብኝ። ሲያነቡት ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ማን ነገረብኝ ብሎ እኔኑ ይጠይቀኛል። ዛሬም ድረስ፣ በዓል በመጣ ቁጥር። «ማን ይሆን ዘኒ?» ይለኛል። እኔ ወጥ እጨምርለታለሁ።

ተከስተ፦ አብረን እንናገራለን ነገ። አንቺም እኔም።

ዘነበች፦ እብድ ነህ? የእህቶች ኅብረት ሰብሳቢ ነኝ እኮ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ሶስና ምን ትለኛለች?

ተከስተ፦ አየሽ። ሦስት ቃል ናት ያልሽኝ አሁን ነው።

ዘነበች፦ አትዘባበትብኝ።

ተከስተ፦ አልተዘባበትኩም፤ እኔም ፈርቻለሁ። መድረኩንም ልተወው። እዚያ ከተናገርኩት እልል ይባልልኛል፣ አሁንም ጀግናው እኔው እሆናለሁ። ከሕዝቡ በፊት እሱ ይስማው። ጋራዡ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው፤ እንሂድ።

ዘነበች፦ ሠራተኞቹ አሉ እዚያ።

ተከስተ፦ ይኑሩ። እሱም ሲታገድ ሰው ነበር።

ዘነበች፦ ፊቱን እያየሁ አልችልም። ደግሞ እዚያ እስክንደርስ ልቤ ይመለሳል፣ እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።

ተከስተ፦ ታዲያ ምን ልታደርጊ?

ዘነበች፦ ስልኬን... ቁጥሩን አንተ ምታልኝ።

ተከስተ፦ ይኸው። ይጠራል። መጀመሪያ እኔ ላውራው?

ዘነበች፦ አይሆንም፣ አምጣ። ሄሎ፣ ደገፈ? አይ፣ ሶስና ደህና ናት፣ ማንም አልሞተም። የመኪናውን ድምፅ አስጠፋልኝ፣ አልሰማ አለኝ። እሺ። ያን ሁሌ የምትጠይቀኝን ነገር፣ ማን ነገረብኝ የምትለውን... አዎ። የነገርኩብህ እኔ ነኝ፣ ደገፈ። እኔ እህትህ ነኝ።